አይዳ ለምን ጽዳት ሠራተኛ ሆነች? እና ሌሎች ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ኦርኬስትራ መሪዎች ስሞነጫጭር ሚሻኤል ጊለን የሚባል ሰው ስም ጠርቼ ነበር። «ዘመናዊ ሙዚቃና ኦፔራ ላይ እንደሱ ላቡን ያፈሰሰ መሪ ጥቂት ነው» ብዬ በአንድ መስመር አለፍኩ። እናንተ ግን አላሳለፋችሁኝም። ደብዳቤው ከሐዋሳም፣ ከአሜሪካም፣ ከዱባይም መጣ። ስለዚህ የዚህ ወር ገጽ ለሰውዬውና ለሙያው ይሁን።

ለአዲስ አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ጀርመን ሀገር፣ በአንድ መካከለኛ ከተማ ቲያትር ቤት፣ 26 ዓመት የኦርኬስትራ ዕቃ አዘጋጅ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ወንበር እደረድራለሁ፣ የኖታ ማስቀመጫ አቆማለሁ፣ አምፖል እቀይራለሁ፣ ኖታውን በየወንበሩ አድላለሁ። መሪዎችን የማውቃቸው ከጫማቸው በኩል ነው። ጊለንን በአካል አግኝቼው አላውቅም። የተቀዱ ሥራዎቹ ግን ቤቴ ውስጥ ግማሽ መደርደሪያ ይዘዋል፤ ባለቤቴ ስለዚህ ጉዳይ የራሷ አስተያየት አላት። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ልጄ 18 ዓመቱ ነው። ፒያኖ ይነካካል። ሰሞኑን "የኦርኬስትራ መሪ ነው የምሆነው" ብሎ ቁጭ አለ። በዩቲዩብ አሳየኝ። ሌላው ላቡ ጠብ እስኪል ይጫወታል፣ ሰውዬው ፊት ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። ይሄ ሥራ ነው? ለእንጀራስ ይሆናል?» (እናት፣ ከሐዋሳ)

እህቴ፣ አሳቁኝ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንደ እርስዎ ነበር የማስበው።

እርስዎ ያዩት የሥራውን ጭራ ነው። ማኅሌት ቆመው የሚያውቁ ከሆነ መሪጌታውን ያስቡ። ሌሊቱን ሙሉ ሲመራ ያዩት ሰው ዜማውን የተማረው በዚያ ሌሊት አይደለም። ስንት ዓመት ከጉባኤ ቤት ጉባኤ ቤት ተንከራቶ፣ ቁራሽ ለምኖ ነው። የኦርኬስትራ መሪ ቁራሽ አይለምንም እንጂ መንገዱ ያን ያህል አያጥርም።

ጊለን የተወለደው በ1927 ድሬስደን ነው። አባቱ ዮዜፍ የቲያትርና የኦፔራ አዘጋጅ፣ እናቱ ሮዛ ተዋናይት። እናትየው አይሁዳዊት ነበረች። በናዚዎቹ ዘመን ሀገሩ አላስቀመጣቸውም፤ በ1940 ልጁ ቦነስ አይረስ፣ አርጀንቲና ገባ። ፒያኖ ይጫወት ነበር። የእናቱ ወንድም ኤድዋርድ ሽቶየርማን ስመ ጥር ፒያኖ ተጫዋችና የአርኖልድ ሾንበርግ ተማሪ ነበር። ሾንበርግ ማለት አንዱ ድምፅ ጌታ ሌላው ሎሌ የሆነበትን የቆየ አደራደር ትቶ አሥራ ሁለቱንም እኩል ያስቀመጠ ደራሲ ነው። የሽቶየርማን የእህት ልጅ የሆነው ጊለን በ1949፣ ገና ሃያዎቹን ሲጀምር፣ የሾንበርግን የፒያኖ ሥራዎች በሙሉ ቦነስ አይረስ ውስጥ በሕዝብ ፊት ተጫወተ።

እንጀራው ግን ከዚያ አልመጣም። ቴአትሮ ኮሎን በሚባለው ትልቅ ኦፔራ ቤት ኮሬፔቲቶር ሆኖ ገባ። ይህን ቃል ለልጅዎ በደንብ ይንገሩልኝ። ኮሬፔቲቶር ማለት ዘፋኞችን በፒያኖ የሚያስጠና ሰው ነው። ኦርኬስትራው ገና ሳይሰበሰብ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከአንዲት ዘፋኝ ጋር ያንኑ ሁለት ገጽ አርባ ጊዜ። «እዚህ ጋ ቀደምሽ። እንደገና።» የሰማንያ ሰው ድርሻ በአሥር ጣት ይጫወታል። የሌለውን ዘፋኝ ድርሻ በራሱ ጎርናና ድምፅ ይሞላል። አንድ እጁ ሲተርፈው ደግሞ ይመራል። እኛ ቲያትር ቤት የልምምዱ ክፍል ከዕቃ ማከማቻዬ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። አንድ የኮሪያ ልጅ ለአንድ ኦፔራ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ ስለማውቅ፣ መጋረጃ ሲከፈት ለመሪው ሳይሆን ለሱ ነበር የማጨበጭበው።

በ1950 ታላቁ ፉርትቬንግለር ቦነስ አይረስ መጥቶ የባኽን የማቴዎስ ሕማማት ሲመራ፣ በትረካው ክፍል ዘፋኙን በመሣሪያ ያጀበው ጊለን ነበር። ከዚያ ወደ ቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ ሄደ። እዚያም ሥራው ማስጠናት ነበር። ስቶክሆልም በሚገኘው ንጉሣዊ ኦፔራ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1960 ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ መሆኑ ነው።

ዛሬም በጀርመን ቤቶች መሰላሉ ያው ነው። ከኮሬፔቲቶርነት ወደ ካፔልማይስተርነት፣ ማለት ወደ ቤቱ ተቀጣሪ መሪነት፣ ዕድል ከቀና ወደ ቤቱ ጠቅላላ የሙዚቃ ኃላፊነት። ውሉ ብዙ ጊዜ በየዓመቱ የሚታይ ነው። በጥቅምት ወር ፊታቸው የሚጠቁር ሠራተኞችን ብዙ አይቻለሁ፤ «አትቀጥልም» የሚለው ደብዳቤ የሚመጣበት ወር ነው። ቢሆንም ጀርመን ውስጥ በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፉ ከ120 በላይ ኦርኬስትራዎች አሉ። ስለዚህ እህቴ፣ እንጀራ ይሆናል። እንጀራው ግን ማስጠናቱ ነው። መሪነቱ ወጡ ነው፤ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም። «ይነካካል» ያሉት ፒያኖ ከመነካካት እንዲያልፍ ያድርጉ።

«ጋሼ፣ ጓደኛዬ ቲኬት ተርፎት ዘመናዊ የተባለ ኮንሰርት ወሰደኝ። ሳህን ከመደርደሪያ ሲወርድ የሰማሁ ነው የመሰለኝ። ሰው ተነስቶ አጨበጨበ፣ እኔም እንዳላፍር አጨበጨብኩ። እውነቱን ንገረን። እነዚህ ሰዎች እየቀለዱ ነው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ አንዳንዶቹ ይቀልዳሉ። አንዴ ተጫውቶ ለዘላለም ለተቀበረ ሙዚቃ ወንበር ደርድሬ አውቃለሁ፤ መቀበሩም አላሳዘነኝም። ግን ሁሉንም በአንድ ከረጢት አትክተት።

መርካቶን አስበው። ከሩቅ፣ ከአንድ ፎቅ ላይ ሆነህ ስትሰማው አንድ ትልቅ እምምምታ ነው። ቃል አይለይም። ጠጋ ስትል ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዋጋ ነው የሚጠራው፤ አንዱም «እምም» እያለ አይደለም። የጂዮርጂ ሊጌቲ ሬክዊየም፣ ማለት የሙታን ጸሎቱ፣ እንደዚያ ነው። «ኪርዬ» የሚለው ክፍል ላይ መዘምራኑ ለሃያ ድምፅ ይከፈላሉ። አንተ የምትሰማው ጭጋግ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሃያዎቹም መስመሮች የየራሳቸው ዜማና ምት አላቸው። የመሪው ጣጣ አንዱም ከጭጋጉ አንገቱን እንዳያወጣ ማድረግ ነው። ጎበዝ መዘምር ጮክ ካለ አለቀ፤ መርካቶው ፈርሶ አንድ ሱቅ ብቻ ይሆናል።

ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ጊለን ነው። ስቶክሆልም፣ መጋቢት 14 ቀን 1965። ከዚያ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ በፊት፣ የካቲት 15፣ ኮሎኝ ላይ ሌላ ጉድ ወልዷል። የቤርንድ አሎይስ ዚመርማን «ወታደሮቹ» የተባለው ኦፔራ ነው። ይህን ኦፔራ «ሊጫወት አይችልም» ብለው የተዉት ባለሙያዎች ነበሩ። ምክንያታቸው ባዶ አልነበረም። የተለያዩ ትዕይንቶች በአንድ ጊዜ መድረክ ላይ ይሄዳሉ። ፊልም ይታያል፣ ከድምፅ ማጉያ የወታደር ትእዛዝና የመኪና ጩኸት ይመጣል፣ ጃዝ የሚጫወት ጓድ አለ፣ ከሥር ደግሞ ከመቶ ሰው የማያንስ ኦርኬስትራ። ደራሲው መጀመሪያ ያሰበው ብዙ መሪ እንዲኖረው ነበር፤ በኋላ ነው አንድ መሪ ሊይዘው በሚችል መልክ የጻፈው። ጊለን ለኦርኬስትራው ብቻ ከሠላሳ በላይ ልምምድ አድርጎ አወጣው። ለለመደ ኦፔራ እኛ ቤት ስድስት ሰባት ልምምድ ከተገኘ ቅንጦት ነበር።

እና ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ያ ያየኸው ሳህን ሲወድቅ መሪው በየትኛው ሰከንድ እንደሚወድቅ ያውቅ ነበር? ሲፈልግ ቀና ብሎ ለወዳቂው ምልክት ሰጥቶ ነበር? እጁን አይተህ ከሆነ ይህን መመለስ ትችላለህ። ከሰጠ አልቀለደም። ቢያንስ እሱ አልቀለደም።

«ያሬድ ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ። ዋና መሣሪያዬ ክላርኔት ነው። በዘመናዊ ሙዚቃ ኖታ ላይ ምቱ በየመስመሩ ይቀያየራል፤ 2፣ 3፣ 5፣ እንደገና 2። መሪ ይህን ሁሉ እንዴት ሳይምታታበት ይመታል? እኔ አራት እንኳ ስመታ እጄ ይተሳሰራል። አስተማሪ ሳይኖረኝ ከምን ልጀምር?» (ከአዲስ አበባ)

ጎሽ፣ የኔ ልጅ። ይህ ጥያቄ ደስ አለኝ።

በሥራዬ የመሪዎችን ኖታ ማስቀመጫው ላይ የማስቀምጠው እኔ ስለነበርኩ፣ ሰው ሳይኖር ገልጬ አያቸዋለሁ። የአንዳንዱ ገጽ የልጅ መሳያ ደብተር ይመስላል። ቀይ እርሳስ፣ ሰማያዊ እርሳስ። አንድ ነገር ግን ብዙዎቹ ጋ ደጋግሜ አየሁ። ከመስመሮቹ በላይ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖችና ቁመው የተሰመሩ ሁለት ሰረዞች። አንዱን ካፔልማይስተር ጠየቅሁት። ሦስት ማዕዘኑ «ይህ ምት ሦስት ይይዛል»፣ ሁለቱ ሰረዝ «ይህኛው ሁለት» ማለት ነው አለኝ። አምስት ሲመጣ ወይ ሰረዝና ማዕዘን፣ ወይ ማዕዘንና ሰረዝ። ሰባት ቢሆንም፣ አሥራ አንድ ቢሆንም፣ ሲፈታ ሁለትና ሦስት ብቻ ነው። መሪው እስከ አሥራ አንድ አይቆጥርም። አጭር እርምጃና ረጅም እርምጃ ነው የሚራመደው።

እኔ ይህን ለራሴ በአማርኛ ፈታሁት። «ቡና» ሁለት ነው፤ ቡ-ና። «በርበሬ» ሦስት ነው፤ በር-በ-ሬ። አሁን ጠረጴዛ ላይ በየቃሉ መጀመሪያ ብቻ እየመታህ በል፦

ቡና በርበሬ፣ ቡና በርበሬ፣ ቡና ቡና በርበሬ።

አምስት፣ አምስት፣ ሰባት መታህ። በሰረዝ የለያየኋት እያንዳንዷ ቁራጭ እኩል ጊዜ መያዝ አለባት፤ ምስጢሩ እዚያ ነው። ጀማሪ «በርበሬ»ን አፋጥኖ ከ«ቡና» ጋር እኩል ያደርጋታል። ያኔ ሙዚቃው ይሞታል። ቀስ ብለህ ጀምር፣ በእግርህ እየሄድክ ሞክረው፣ በርበሬ ላይ እርምጃህ ይርዘም። ከዚያ እጅህን ጨምር። ታክሲ ተራ ላይ ስትለማመድ ሰው ቢያይህ ገበያ የምትወጣ ይመስለዋል።

«የፀደይ ሥርዓት» የተባለው የስትራቪንስኪ የባሌ ዳንስ ሙዚቃ የመጨረሻው ጭፈራ ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ ነው የሚፈታው። በ1913 ፓሪስ ውስጥ ሲቀርብ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፤ ፒየር ሞንቶ የሚባለው መሪ ግን እስከ መጨረሻው መምራቱን አላቋረጠም።

አንድ የራሴን ውርደት ልጨምርልህ። የአልባን ቤርግን «ቮትሴክ» እንጫወት ነበር። በ1925 በርሊን ላይ የተወለደ ኦፔራ ነው፤ ስለ አንድ ምስኪን ወታደር። የመሪውን ማስቀመጫ አምፖል በዚያን ቀን አላየሁትም። ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ የመጠጥ ቤቱ ትዕይንት ውስጥ፣ ድርግም አለ። ከመድረኩ ሥር ያለው የኦርኬስትራ ጉድጓድ ጨለማ ነው፤ የመሪው ኖታ ጥቁር ሆነ። ባትሪ በጥርሴ ነክሼ በቪዮላዎቹና በቼሎዎቹ እግር መካከል በደረቴ ተሳብኩ። ቀና ስል ሰውዬው ቀኝ እጁ ምቱን ይዟል፣ ግራ እጁ ለትሮምቦኖቹ መግቢያ ይሰጣል፣ በመሃል ደግሞ የማይታየውን ገጽ በሰዓቱ ይገልጣል። ከሰባት እስከ ስምንት ገጽ እንዲህ ሄደ። አምፖሉን አሰርኩ። ሲያልቅ «የጠፋው አምፖሉ አይደለም፣ አንተ ነህ» አለኝ። ቢራውን የገዛሁት እኔ ነኝ።

በዚሁ ኦፔራ ሦስተኛ ክፍል ላይ፣ ማሪ ከተገደለች በኋላ፣ ኦርኬስትራው አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ይቀራል። ጀርመኖች «ሃ» የሚሉት፣ እናንተ «ሲ» የምትሉት ነው። ከሹክሹክታ ተነስቶ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ጆሮ እስኪያምህ ያድጋል። አንድ ድምፅ፤ ሌላ ምንም። ፈልገህ ስማው። ይህን ለመምራት ውስብስብ ምት አያስፈልግም። ማን መቼ እንደሚገባና ማን ገና ዝም ማለት እንዳለበት ማወቅ ነው። ክላርኔትህን ይዘህ ጓደኞችህን አራት አምስት ሆናችሁ ይህን ሞክሩት። ያሬድ ትምህርት ቤትን በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት አሸናፊ ከበደ ራሳቸው ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ ነበሩ። ስለዚህ መንገዱን የጀመርከው አንተ አይደለህም።

«ጊለን የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ሰንጥቆ መሃሉ ላይ ሌላ ሙዚቃ አስገባ የሚባለው እውነት ነው? ይህ ድፍረት አይደለም? የሰው ሥራ እንዴት ይከፈላል?» (ከናታንያ፣ እስራኤል)

እውነት ነው። ፍራንክፈርት ላይ፣ በ1978። ያስገባው የሾንበርግን «ከዋርሶ የተረፈ ሰው» ነው። ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ ተራኪ ናዚዎች እስረኞችን ሲቆጥሩና ሲደበድቡ ያወራል። መጨረሻ ላይ የወንዶች መዘምራን በአንድ ድምፅ በዕብራይስጥ «ሽማዕ እስራኤል»፣ ማለት «እስራኤል ሆይ ስማ»፣ ብለው ይነሳሉ። አንተ እዚያ ሆነህ ይህን ጸሎት ለኔ ሳይሆን እኔ ላንተ ማስረዳቴ ያስቃል።

ቤትሆቨን ሦስተኛው ክፍል ላይ ለስላሳና ረጋ ያለ ነው። አራተኛው ክፍል በአስፈሪ የመለከትና የከበሮ ብልጭታ ይጀምራል፤ ከዚያ ነው ያ የደስታ መዝሙር የሚመጣው። ጊለን ሾንበርግን ያስገባው በሁለቱ መሃል ነው። አስበው፤ ከ«ሽማዕ» በኋላ ያ ብልጭታ ሲመጣ የሙዚቃ መግቢያ ብቻ ሆኖ አይሰማም። «ሰው ሁሉ ወንድማማች ይሆናል» የሚለው ቃልም እንደ ድሮው ቀልሎ አይወጣም።

ስለ ሰውዬው አንድ ነገር ልንገርህ። የእናቱ ሌላኛው ወንድም ዚግሙንት ሽቶየርማን ለፖላንድ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ የእግር ኳስ ሰው ነበር። በ1941 ናዚዎች አይሁዶችን ባጎሩበት በልቮቭ ጌቶ ውስጥ ሞተ።

ድፍረት ነው ላልከው፣ አዎ ነው። ሁሌ ይደረግ አልልም፤ ሌሎች ሲኮርጁት የሰማሁት አላስደሰተኝም። እሱ ግን የዘመናዊውን ደራሲ የቬበርንን ስድስት ቁርጥራጮች ከጥንተኛው ከሹበርት «ሮዛሙንደ» ሙዚቃ ጋር አንድ አንድ እያፈራረቀ ያቀረበ ሰው ነው። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ጆሮ ይነቃል ብሎ ያምን ነበር። የሹበርቱን ሞክረው። እኔ አንድ ጊዜ አልጋ ላይ ሆኜ ጀምሬው እንቅልፌ ጠፋ።

አጫጭር ጥያቄዎች

*«ዱላ ግዴታ ነው?»* አይደለም። ፈረንሳዊው መሪና ደራሲ ፒየር ቡሌዝ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እጁ ነው የመራው። በጉድጓድ ውስጥ ግን ነጭ ዱላ ከሩቅ ስለሚታይ ዘፋኞቹ ይወዱታል። የተሰበረ ዱላ ስንት ጊዜ ከወለል ለቅሜያለሁ።

*«ሴት መሪ አለች?»* ሞልተዋል፤ በዚሁ በዘመናዊው መስክ ጭምር። ፊንላንዳዊቷ ሱዛና ማልኪ ቼሎ ተጫዋች ነበረች። ከ2006 እስከ 2013 ቡሌዝ የመሠረተውን የፓሪስ ዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ መራች። በ2011 ሚላን ላ ስካላ ላይ ኦፔራ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ያውም አዲስ የተጻፈ ኦፔራ።

*«ከመድረክ ጀርባ ያለው ዘፋኝ መሪውን እንዴት ያያል?»* መሪው ፊት ለፊት ትንሽ ካሜራ አለ። ምስሉ በየጥጉ ወደ ተሰቀሉ ስክሪኖች ይሄዳል። አፍንጫውን ቢጎረጉር ቤቱ በሙሉ ያያል። ተደርጎ አይቻለሁ።

*«ጊለን አሁን የት ነው?»* ዓይኑ ስለደከመ በ2014 መምራት አቆመ። መጋቢት 2019 ኦስትሪያ ውስጥ አረፈ፤ 91 ዓመቱ ነበር።

«ጋሼ፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አንዱ በስልክ በተላከልኝ ቪዲዮ ላይ "አይዳ የምትባል ኢትዮጵያዊት ልዕልት ኦፔራ አላት፣ ጀርመኖች ግን ጽዳት ሠራተኛ አድርገው አቀረቧት" ሲል ሰማሁ። አናደደኝ። እዚያም ልዕልት ሆነን ወለል ነው የምንጠርገው? አንተ የጠቀስከው መሪ ነው አሉ የፈቀደው። እውነት ነው?» (ከዱባይ)

እውነት ነው እህቴ። ጥር 31 ቀን 1981፣ ፍራንክፈርት ኦፔራ። አዘጋጁ ሃንስ ኖይንፌልስ ይባላል። ከ1977 እስከ 1987 የቤቱ አለቃም የሙዚቃው ኃላፊም ጊለን ነበር። ስለዚህ ፈቃዱም የሱ ነው፣ ያን ምሽት የመራውም እሱ ነው። አዳራሹ በፉጨትና በጩኸት ተናጋ።

መጀመሪያ ስለ ንዴትሽ። የቨርዲ ኦፔራ ራሱ ምን እንደሚል እንይ። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ግብፆች ማርከዋት የፈርዖን ልጅ አገልጋይ ሆናለች። ማንነቷን ደብቃለች። የቤቱ እመቤት የምትወደውን ሰው እሷም ትወዳለች። መቶ ዓመት ሙሉ ይህችን ሴት በወርቅ አምባርና በሐር ልብስ አንቆጥቁጠው ሲያቀርቧት፣ አገልጋይ መሆኗን ሰው ረስቶታል። ኖይንፌልስ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። በኛ ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ማንም ልብ የማይላት፣ ግን ሁሉን የምታይ ሴት ማን ናት? የድሉ ሰልፍ ሲመጣ ደግሞ መድረኩ ላይ የኦፔራ ተመልካች መስለው የለበሱ ሰዎችን በሎጅ፣ ማለት በተከለለው የአዳራሽ መቀመጫ፣ አስቀመጠ። ቲኬት ገዝቶ የመጣው ሰው ራሱን በመስታወት አየ። የተቆጣው በዚህ ይመስለኛል፤ ለአይዳ አዝኖ አይደለም።

እኔ ጀርመን የገባሁት በ1984 ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ በአንድ ቲያትር ቤት የሌሊት ጽዳት ነበር። ስለዚያች አይዳ ያነበብኩት በዕረፍት ሰዓት፣ ተመልካች ጥሎት በሄደ መጽሔት ላይ ነው። ጀርመንኛዬ ገና ስለነበር አንዷን ቃል መዝገበ ቃላት አውጥቼ ነው የፈታኋት። ፑትስፍራው፤ ጽዳት ሠራተኛ ሴት። ባልዲዬ አጠገቤ ነበር። እኔም እንዳንቺ መናደድ ይገባኝ ነበር። ግን አልተናደድኩም። አንድ ሰው እኛን አይቶናል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ሌሊት ነው የጊለንን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት። በማግስቱ የቤቱን ኖታ ጠባቂ ስለሱ ጠየቅሁት። ከዚያ ወሬ ወሬን እየወለደ ሦስት ዓመት ቆይቶ ወንበር ደርዳሪ ሆንኩ።

ሰው የማያነሳው ነገር ደግሞ አለ። መድረኩ እንዲያ ሲናጥ፣ ከሥር ያለው ሙዚቃ የቨርዲ ነው፤ አንዲት ኖታ አልተለወጠችም። የጊለን የመሪነት ስም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ኖታው ላይ የተጻፈውን በትክክል፣ ማር ሳይቀባ። ሰዎች ቀዝቃዛ ነው ይሉታል። እኔ አይመስለኝም። ላይ ያለው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ታች ያለው መቆም ነበረበት። ጊለን ፍራንክፈርትን በለቀቀ በወራት ውስጥ፣ ኅዳር 1987፣ የኦፔራው መድረክ በእሳት ነደደ፤ ያ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።

አንድ የምታስቅሽ ነገር ላክልሽ። አይዳን ያስጻፈው የግብፅ ገዢ ኢስማኢል ነው። በታኅሣሥ 1871 ካይሮ ላይ ታየች። እዚያ ላይ ግብፆቹ ኢትዮጵያን ድል አድርገው በመለከት ይመለሳሉ። ይኸው ኢስማኢል አራት ዓመት ቆይቶ እውነተኛ ጦር ላከብን። በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራዕ ላይ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ደመሰሰው። ለዚያኛው ኦፔራ ያስጻፈ የለም።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ስልክሽ ላይ «ኦ ፓትሪያ ሚያ» ብለሽ ፈልጊ። ሦስተኛው ክፍል ላይ አይዳ ብቻዋን፣ በሌሊት፣ አባይ ዳር ቆማ የምትዘፍነው ነው። «ሀገሬ ሆይ፣ ዳግመኛ አላይሽም» ነው የምትለው። ሥራ ጨርሰሽ፣ ክፍልሽን ዘግተሽ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ከሷ ድምፅ ጋር አንዲት ኦቦ ስትመላለስ ትሰሚያለሽ። ወደ መጨረሻው በጣም ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ትወጣለች፤ እዚያ ጋ ብዙ ዘፋኞች ይፈራሉ። የትኛዋን እንደወደድሽ ጻፊልኝ።